መስመሩ ጠቦ ነው ወይስ ወረፋው ተበላሽቶ?
የመደብርዎን ኢንተርኔት በሊኑክስ ራውተር ተራ ስለማስያዝ



በዚህ ዓምድ ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ሂሳብ አያያዝ መጻፍ የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ ይቀለኛል። ዛሬ ግን ከሙያዬ ትንሽ ወጣ ብዬ በብዙዎቻችን መደብርና ቢሮ ውስጥ ሳይታይ ገንዘብ ስለሚያስጠፋ አንድ ነገር ላነሳ ነው። ምክንያቴ ቀላል ነው። በዚሁ ጉዳይ ለአንዲት ደንበኛዬ የተሳሳተ ምክር ሰጥቼ፣ ስሕተቴን የተረዳሁት ከ11 ወር በኋላ ነበር።

እኚህ እናት እንጀራ፣ ቅመማ ቅመምና ልዩ ልዩ ሸቀጥ የሚሸጡበት መደብር አላቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁሉም ነገር ደኅና ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲደራ ግን የካርድ ማሽኑ ይፈዛል። ገዢው ካርዱን ያስገባል፤ ማሽኑ “በመገናኘት ላይ” ብሎ ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ “አልተሳካም” ይላል። እንደገና ይሞከራል። ከኋላ ያለው ሰልፍ ይረዝማል፤ አንዳንዱም የያዘውን ዕቃ ባንኮኒው ላይ ትቶ ይወጣል። ጉዳዩን ሲያማክሩኝ ቶሎ ፈረድኩ። “እትዬ፣ የገዙት መስመር ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ሰፋ ያለውን ይግዙ” አልኳቸው። እሳቸውም አምነውኝ ከ100 ሜጋቢት ወደ 200 ሜጋቢት ከፍ አደረጉ። ክፍያው በወር 45 ዶላር ጨመረ። በ11 ወር 495 ዶላር መሆኑ ነው።

አንድ ቅዳሜ ደረሰኝ ልሰበስብ ሄጄ በዓይኔ ሳይ ማሽኑ እንደ ድሮው ፈዟል። እትዬም “ልጄ፣ መንገዱን አሰፋህልኝ፤ ሰውየው ግን አሁንም ካርዱን ይዞ ቆሟል” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ሳምንት የኔትዎርክ ሙያ ያለው ወጣት ይዤ ተመለስኩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከእሱ የተማርኩትንና ከዚያ በኋላ በራሴ ቤት ራውተር ላይ ሞክሬ ያረጋገጥኩትን ነው።

የማናየው ግማሽ

ኢንተርኔት ስንገዛ ሻጩ በትልቁ የሚጽፍልን ወደ እኛ የሚመጣውን ፍጥነት ነው። ከእኛ የሚወጣው ፍጥነት በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ በተለይ በቴሌቪዥን ኬብል በኩል በሚገባ መስመር ላይ ብዙውን ጊዜ ከሚመጣው በብዙ እጅ ያንሳል። በእትዬ መደብር የሚመጣው ከ100 ወደ 200 ሲያድግ የሚወጣው ግን ያው 5 ሜጋቢት ሆኖ ቀርቷል። እኔ ያስጨመርኩት ገንዘብ የሄደው ችግር ለሌለበት ወገን ነበር ማለት ነው።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 “ብሮድባንድ” ለመባል ያወጣው መለኪያ የሚመጣ 25፣ የሚወጣ 3 ሜጋቢት ነበር። በ2024 ወደ 100 እና 20 ከፍ አድርጎታል። ከዚያው ዓመት ጀምሮም ሻጮች፣ በምግብ ማሸጊያ ላይ እንደምናየው ሰንጠረዥ ያለ መግለጫ ለገዢው እንዲያሳዩ ተደንግጓል። በመግለጫው ላይ ዋጋው፣ የሚመጣው ፍጥነት፣ የሚወጣው ፍጥነትና የመዘግየቱ መጠን ለየብቻ ይሰፍራሉ። ውል ከመፈረምዎ በፊት የሚወጣውን ፍጥነት የሚያመለክተውን መስመር ያንብቡ።

ታዲያ በዚያች 5 ሜጋቢት ላይ ማን ማን ይወጣል? በመደብሩ አራት የጥበቃ ካሜራዎች አሉ። እያንዳንዱ የቀረጸውን ወደ ውጭ ማከማቻ ሲልክ 2 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል፤ አራቱ ተደምረው 8 ይሆናሉ። መስመሩ ግን 5 ነው። ከሁሉ የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ካሜራዎቹ የሚልኩት እንቅስቃሴ ሲያዩ ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት መደብሩ ጭር ሲል ዝም ይላሉ። ቅዳሜ ሰው ሲገባና ሲወጣ አራቱም ባንድ ላይ ይልካሉ። የካርድ ማሽኑ በጣም የሚፈለግበት ሰዓትና መስመሩ የሚታፈንበት ሰዓት አንድ ሆኑ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሠራተኞችና ደንበኞች የመደብሩን ዋይፋይ ሲያገኙ ስልካቸው የቀኑን ፎቶግራፍ መላክ ይጀምራል።

የወፍጮ ቤቱ ወረፋ

አገር ቤት ወፍጮ ቤት ሄደን እናውቃለን። ወፍጮው አንድ ነው። አንዱ አምስት ኩንታል ጤፍ በአህያ ጭኖ ይመጣል፤ አንዲት ልጅ ደግሞ ለዕለት የሚሆን አንድ ቁና ይዛ ትመጣለች። ወፍጮው ቢፈጥንም ባይፈጥንም፣ ባለ አምስት ኩንታሉ ቀድሞ ከገባ ልጅቷ እስከ ማታ ትቆማለች። የእሷን ቁና ለመፍጨት የሚወስደው ጊዜ ግን በጣም ጥቂት ነው። ልጅቷን የጎዳት የወፍጮው ጉልበት ማነስ ሳይሆን የወረፋው አያያዝ ነው።

በኢንተርኔት መስመርም ላይ እንዲሁ ነው። የሚላከው ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ አንዱ እሽግ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1,500 ባይት ይይዛል። የካርድ ክፍያ በጠቅላላው ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ የቁናዋ ልጅ እሱ ነው። ባለ አምስት ኩንታሉ ካሜራው ነው። ሁለቱም በሞደሙ ውስጥ ባለ ማቆያ ይሰለፋሉ። ሞደሙ ግን ቀድሞ የደረሰውን ቀድሞ ከማስወጣት በቀር ሌላ ሕግ የማያውቅ ከሆነ ክፍያው ከካሜራው ጭነት ሁሉ ኋላ ይቆማል።

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና በቁጥር ላስረዳ። በሞደሙ ውስጥ 1 ሜጋባይት የሚይዝ ማቆያ አለ እንበል። 1 ሜጋባይት 8 ሚሊዮን ቢት ነው። መስመሩ በሰከንድ 5 ሚሊዮን ቢት ካሳለፈ፣ የሞላው ማቆያ እስኪያልቅ 8 ለ5 ሲካፈል 1.6 ሰከንድ ይፈጃል። “1.6 ሰከንድ ምን አላት?” ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የካርድ ማሽኑ አንድ ጊዜ ልኮ አይገላገልም። መጀመሪያ አድራሻውን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ግንኙነት ይከፍታል፤ ከዚያ ምስጢር መጠበቂያውን ይስማማል፤ በመጨረሻ ክፍያውን አቅርቦ መልስ ይጠብቃል። አራት ወይም አምስት ጊዜ ደርሶ መልስ አለው። እያንዳንዱ ዙር 1.6 ሰከንድ ከተጠበቀ አምስቱ 8 ሰከንድ ይሆናሉ። ማሽኑም ትዕግሥቱ አልቆ “አልተሳካም” ይላል።

ይህ ችግር ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1986 በካሊፎርኒያ፣ በሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪና በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረ መስመር በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ ብቻ ነበር። በላቦራቶሪው ይሠራ የነበረው ቫን ጃኮብሰን ምክንያቱን መርምሮ በ1988 መፍትሔውን አሳተመ። ፍሬ ነገሩ ይኸውና፦ ላኪው ኮምፒዩተር አንድ እሽግ መጥፋቱን ሲያይ “መንገዱ ሞልቷል” ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ የእሽግ መጣል ብክነት ብቻ አይደለም፤ ለላኪው የሚደርስ “ቀስ በል” የሚል መልእክትም ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የኮምፒዩተር ማስታወሻ ዋጋው ረከሰ። የዕቃ ሠሪዎችም እሽግ እንዳይጣል በማለት በየሞደሙና በየራውተሩ ትልልቅ ማቆያ አበጁ። ሐሳባቸው ደግ ነበር፤ ውጤቱ ግን ከፋ። ማቆያው እስኪሞላ እሽግ ስለማይጣል ላኪው መልእክቱ አይደርሰውም፤ ስለዚህ መላኩን አያቆምም፤ ወረፋው ብቻ ይረዝማል። ጂም ጌቲስ የተባለ መሐንዲስ በ2010 ይህንኑ በገዛ ቤቱ አይቶ “ባፈርብሎት” የሚል ስም አወጣለት፤ የማቆያ ማበጥ እንደ ማለት ነው።

በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ያው ቫን ጃኮብሰን “ኮድል” የተባለውን ዘዴ አወጡ። ኮድል የወረፋውን ርዝመት ሳይሆን እያንዳንዱ እሽግ የጠበቀበትን ጊዜ ይመለከታል። እሽጎች ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ሳያቋርጡ ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ከጠበቁ አንዳንዱን እየጣለ ላኪውን ያስጠነቅቃል። በዚያው ዓመት ኤሪክ ዱማዜና ዴቭ ታት ይህን ዘዴ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የየራሱን ወረፋ ከመስጠት ጋር አጣምረው “ኤፍ ኪው ኮድል” በሚል ስም ሊኑክስ ውስጥ አስገቡት። በዚህ ሕግ የቁናዋ ልጅ ከአምስት ኩንታሉ ኋላ አትቆምም። በራሷ ወረፋ ላይ ስለሆነች ተራዋ ወዲያው ይደርሳል። በ2018 ደግሞ ይህንኑ ከፍጥነት መመጠኛ ጋር ባንድ ላይ የያዘ “ኬክ” የተባለ ዘዴ ወደ ሊኑክስ ገባ። ሁሉም በነጻ የሚገኙ ናቸው።

ሊኑክስ ሲባል አይደንግጡ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በፊንላንድ ተማሪ ሳለ የጀመረው የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው፤ ምናልባትም አሁን መደብርዎ ውስጥ ባለው ራውተር ሆድ ውስጥ ያለው እሱው ነው። “ኦፕን ደብሊው አር ቲ” የሚባለው ደግሞ በሊኑክስ ላይ ለራውተር ተብሎ የተዘጋጀ ነጻ ሥርዓት ነው። ከ2004 ጀምሮ ያለ ሲሆን በብዙ ዓይነት ራውተሮች ላይ ይጫናል። በ2024 መጨረሻ ላይም ይህ ሥርዓት አብሮት የተጫነ ራውተር በ89 ዶላር ለሽያጭ ቀርቧል።

ዋናው ምስጢር፦ ወረፋውን ወደ ቤት ማምጣት

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። ራውተርዎ ላይ የፈለጉትን ያህል ጥሩ ሕግ ቢያወጡ፣ ወረፋው ያለው ሞደሙ ውስጥ ከሆነ ሕግዎ አይሠራም። ወደ ወፍጮ ቤቱ ልመለስ። አህዮችዎን ሁሉ ባንድ ጊዜ ከለቀቋቸው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይጨናነቃሉ፤ እዚያ ደግሞ እርስዎ አያዝዙም። በራስዎ ግቢ አቆይተው፣ ወፍጮው ከሚፈጨው ትንሽ ዝቅ ባለ ፍጥነት እያከታተሉ ቢለቋቸው ግን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወረፋ አይኖርም። ወረፋው እርስዎ ግቢ ይሆናል፤ በግቢዎ ውስጥ ማን ይቅደም የሚሉት እርስዎ ነዎት።

መመጠን ማለት ይኸው ነው። መስመሩ 5,000 ኪሎቢት የሚያወጣ ከሆነ ራውተሩን “ከ4,500 በላይ አትልቀቅ” እንለዋለን። አሥር በመቶ ፍጥነት አውቀን እንተዋለን፤ በምትኩ መዘግየቱ ይጠፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መስመሩን እስከ ጠርዙ መሙላት የሚመስለው ፍጥነት መልሶ ዘገምተኛ ያደርገናል።

ወደ እኛ የሚመጣው ወገን ትንሽ ይለያል። ያ ወረፋ ያለው ሻጩ ዘንድ ስለሆነ በቀጥታ አናዝዘውም። ሆኖም ከመስመሩ አቅም ዝቅ አድርገን ስንቀበል፣ የሚዘገዩትና የሚጣሉት እሽጎች ለሩቁ ላኪ “ቀስ በል” የሚለውን መልእክት ያደርሱታል። መንገዱ ዘወርዋራ በመሆኑ በዚህ ወገን ወደ 85 በመቶ ዝቅ ማለት ይመከራል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ይለኩ። መደብሩ ጭር ባለበት ሰዓት የሚመጣውንና የሚወጣውን ፍጥነት ደጋግመው ለክተው ይጻፉ። ቀጥሎ “ፒንግ” በተባለው መለኪያ አንድ እሽግ ደርሶ ለመመለስ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅ፣ መጀመሪያ መስመሩ ባዶ ሳለ፣ ከዚያም ትልቅ ፋይል እየተላከ ሳለ ይለኩ። በእትዬ መደብር መስመሩ ባዶ ሲሆን 18፣ ሲጫን ከ1,500 በላይ ሚሊሰከንድ ነበር። የሁለቱ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ችግርዎ ሌላ ነውና ይህ መድኃኒት አይረዳዎትም።

ሁለተኛ፣ ራውተሩን ከሞደሙ በኋላ ያስቀምጡ። ሞደሙ የሻጩ ንብረት ከሆነ አይነካካ። ሞደሙ ራሱ ራውተር ጭምር ከሆነ ሻጩ ወደ “ብሪጅ” እንዲያዞርልዎ ይጠይቁ፤ ሁለት ራውተር ተደራርቦ ከመቸገር ይድናሉ።

ሦስተኛ፣ “ኤስ ኪው ኤም” የተባለውን ክፍል በኦፕን ደብሊው አር ቲ ላይ ጭነው ወደ ውጭ የሚወጣውን በር ይምረጡ። የሚመጣውንና የሚወጣውን ፍጥነት ይሙሉ፤ ከዘዴዎቹም “ኬክ”ን ይምረጡ። ቁጥሩ የሚጻፈው በኪሎቢት መሆኑን አይርሱ። 5 ሜጋቢት ማለት 5,000 ነው። እኔ ቤቴ ስሞክር 5,000 በማለት ፈንታ 5 ብዬ ጽፌ አንድ ቀን ሙሉ ኢንተርኔት አጥተን ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

አራተኛ፣ እንደገና ይለኩ። መስመሩ ተጭኖ ፒንጉ ከባዶው ብዙ የማይርቅ ከሆነ ሥራው አልቋል። አሁንም ካሻቀበ ቁጥሩን ትንሽ ትንሽ እያሉ ይቀንሱ። በእትዬ መደብር 1,500 የነበረው ወደ 30 ወረደ።

ለብዙዎቹ መደብሮች ይህ ብቻ ይበቃል። ማንንም ሳይሾሙና ሳይሽሩ፣ ወረፋውን በግቢ ውስጥ አድርጎ እኩል ማካፈሉ ችግሩን ይፈታዋል። ኬክ ግንኙነትን ብቻ ሳይሆን መሣሪያን ከመሣሪያም እኩል ማካፈል ይችላል፤ አንድ ስልክ ሃያ ግንኙነት ከፍቶ የሃያ ሰው ድርሻ እንዳይወስድ ይህን አማራጭ እንዲከፍትልዎ ባለሙያውን ይጠይቁ።

በጀት እንደ መመደብ

መስመሩ በጣም ጠባብ ሲሆን ወይም የስልክ ጥሪም በኢንተርኔት ሲሄድ፣ እኩልነቱ አይበቃምና ቅድሚያ መስጠት ያስፈልጋል። በሊኑክስ ላይ ለዚህ በኬክ ፈንታ የሚያገለግል “ኤች ቲ ቢ” የተባለ የቆየ ዘዴ አለ። ማርቲን ዴቬራ የተባለ ባለሙያ የሠራው ሲሆን ከ2002 አካባቢ ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ አለ። እኔ ስሰማው ወዲያው የገባኝ የመሥሪያ ቤት በጀት ስለሆነ ነው።

እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ነገር ይሰጠዋል። አንደኛው የተረጋገጠ ድርሻ ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ሁለተኛው ጣሪያ ነው፤ ሌላው ያልተጠቀመበት ካለ ተበድሮ እስከዚያ ድረስ መውጣት ይችላል። ሦስተኛው ተራ ነው፤ ትርፉን ለመበደር ማን ይቅደም የሚለው። የእትዬን 4,500 ኪሎቢት ብንመድበው እንዲህ ይሆናል፦

ለካርድ ማሽንና ለስልክ 1,500፣ ጣሪያው 4,500፣ ተራው አንደኛ።
ለካሽ ሬጅስተርና ለቢሮ ኮምፒዩተር 1,500፣ ጣሪያው 4,500፣ ተራው ሁለተኛ።
ለካሜራዎች 1,000፣ ጣሪያው 3,500፣ ተራው ሦስተኛ።
ለእንግዶች ዋይፋይ 500፣ ጣሪያው 2,000፣ ተራው አራተኛ።

ድምሩ 4,500 ነው። የድርሻዎቹ ድምር ከጠቅላላው መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ የማይከፈል ቃል ገቡ ማለት ነው። አንድ የስልክ ጥሪ 100 ኪሎቢት ገደማ ብቻ ስለሚፈልግ የመጀመሪያው ድርሻ ለብዙ ጥሪና ለካርዱ ይተርፋል። ያልተጠቀሙበት ግን አይባክንም፤ ማታ መደብሩ ሲዘጋ ካሜራው ተበድሮ ቀን ያከማቸውን ይልካል። ከእያንዳንዱ ክፍል ሥር ኤፍ ኪው ኮድልን ማድረግ አይርሱ፤ አለዚያ በክፍሉ ውስጥ የድሮው ወረፋ ይመለሳል።

ራውተሩ ማን የቱ እንደሆነ የሚያውቀው በመሣሪያው አድራሻ ነው። አሁን አብዛኛው ግንኙነት በምስጢር ስለሚሄድ ውስጡን አይቶ ለመለየት መድከም አያዋጣም። ለካርድ ማሽኑ ቋሚ አድራሻ ይስጡት፤ ለካሜራዎቹም እንዲሁ። ቢቻል የካርድ ማሽኑን ከዋይፋይ አውጥተው በገመድ ያገናኙት። የእንግዶቹን ዋይፋይም ከካርድ ማሽኑ መስመር ለይተው ሌላ ኔትዎርክ ያድርጉት፤ ይህ ለወረፋው ብቻ ሳይሆን ለደንበኞችዎ የካርድ ቁጥር ደኅንነትም ያስፈልጋል። ሁሉንም አንደኛ አድርጌ ልሹም አይበሉ። አንደኛ የሚሆነው ጥቂት የሚፈጅና መጠበቅ የማይችል ብቻ ነው።

የማይችለው ነገር

ይህ ዘዴ መስመሩን አያሰፋም። ካሜራዎቹ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ 8 ሜጋቢት የሚፈልጉ ቢሆን ኖሮ ምንም ዓይነት ወረፋ 5ቱን 8 አያደርገውም፤ የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ወይም በእርግጥም ሰፋ ያለ መስመር መግዛት ያስፈልግ ነበር። ዋይፋዩ ራሱ በግድግዳ ወይም በጎረቤት ዋይፋይ ከታወከም ይህ አይረዳውም። ፍጥነቱ ከሰዓት ሰዓት በሚለዋወጥ መስመር ላይ አንድ ቋሚ ቁጥር መጻፍ ያስቸግራል፤ ገበያ በሚበዛበት ሰዓት የለኩትን ዝቅተኛውን ይዘው ይሥሩ። በተጨማሪም የቆየ ራውተር ወረፋውን ለመቁጠር ጉልበት ሊያንሰው ስለሚችል፣ መስመርዎ በመቶዎች ሜጋቢት ከሆነ ራውተሩ ያንን መመጠን መቻሉን አስቀድመው ያረጋግጡ። ራውተሩ ለፍጥነት ሲል እሽጎችን በአቋራጭ የሚያሳልፍበት ክፍል ካለም ይዘጋ፤ በአቋራጭ ያለፈ ወረፋ አይጠብቅምና።

ለታክሲ ባለንብረቶች

“እኔ መኪና ነው የምነዳው፤ ይህ ምን ያደርግልኛል?” ለሚሉ ሁለት ነገር ልበል። የጥሪ መቀበያ ቢሮ ያላችሁ፣ ወይም ሁለት ሦስት መኪና አሠማርታችሁ ከቤት የምታስተዳድሩ፣ የደንበኛው ድምፅ የሚቆራረጠው ብዙውን ጊዜ ከላይ ባልኩት ምክንያት ነው። የመኪናው ካሜራ ማታ ቤት ሲደርስ የቀኑን ቅጂ በዋይፋይ ይልካል፤ ልጆች በቪዲዮ ይጫወታሉ፤ በዚያው ሰዓት የአየር ማረፊያ ጥሪ ይመጣል። ለስልኩ ተራ ማስያዝ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

መኪናው ውስጥ ባለው ስልክ ላይ ግን ወረፋው የስልክ ኩባንያው ስለሆነ ራውተር አይረዳዎትም። የሚችሉት ጭነቱን መቀነስ ነው። የፎቶግራፍ ማከማቻውና የፕሮግራም ማደሻው በዋይፋይ ብቻ እንዲሠሩ ያድርጉ። መንገደኛው ሊከፍል ካርዱን ሲያቀርብ ስልክዎ የትናንትን ሰርግ ቪዲዮ እየላከ መሆን የለበትም።

ሕጉና ግብሩ

አንዳንዱ “አንዱን ማስቀደም አልተከለከለም ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። የኢንተርኔት እኩልነት ደንብ የሚባለው ሻጩን የሚመለከት ነው። በአሜሪካ በ2015 ወጣ፣ በ2017 እንዲሻር ተወሰነ፣ በ2024 እንደገና ጸደቀ፣ በጥር ወር 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። በአውሮፓ ኅብረት የ2015 ደንብም እንዲሁ የሚያስገድደው አገልግሎት ሰጪዎችን ነው። እርስዎ በራስዎ መደብር ውስጥ የራስዎን መሣሪያዎች ተራ ማስያዝዎ ከዚህ ክርክር ውጭ ነው።

በአሜሪካ ላላችሁ ግብሩን በሚመለከት፦ ለንግዱ የተገዛ ራውተርና ለባለሙያው የተከፈለ ገንዘብ የንግድ ወጪ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከ2,500 ዶላር ካልበለጠ፣ በየዓመቱ ከግብር ማስታወቂያው ጋር በሚያያዝ ምርጫ አማካይነት በገዙበት ዓመት ሙሉ በሙሉ መቀነስ ይቻላል፤ ለዓመታት ማከፋፈል አያስፈልግም። ከቤት የምትሠሩ ግን የምትቀንሱት ለሥራ የዋለውን ድርሻ ብቻ ነው፤ የልጆቹን ጨዋታ አይ አር ኤስ አይከፍልም። ደረሰኙን አይጣሉ።

እንግዲህ የእትዬን ሂሳብ ልዝጋ። ራውተሩ 89፣ ባለሙያው 150፣ ጠቅላላው 239 ዶላር ሆነ። ከዚያ ወደ ቀድሞው የ100 ሜጋቢት ውል ተመለሱ። በየወሩ 45 ዶላር ስለሚተርፋቸው ወጪው ስድስት ወር ሳይሞላ ተመልሷል። በከንቱ የወጣውን 495 ዶላር ከዓመቱ የሂሳብ ሥራ ክፍያዬ ላይ ቀነስኩላቸው፤ ገበያው ቅዳሜ ዕለት ሲደራ ማሽኑ “ተሳክቷል” ሲል ቆሜ አይቻለሁ። ከእንግዲህ ማንም “ሰፊ መስመር ግዛ” ሲልዎት፣ እኔም ብሆን፣ መጀመሪያ “ወረፋው የት ነው?” ብለው ይጠይቁ።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።